አቶ ማላኪ ማዳመጫቸውን ያወለቁ ዕለት

ታሪክ የሚያውቅ ሰው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ታሪክ ዛሬ ጠዋት የሰማ ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ስትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ካልጠየቃችሁት ዝም ብሎ ሻዩን ይጠጣል። የሰማው ግን ሻዩ እስኪቀዳ እንኳ አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር አየርላንድ ውስጥ ካለ አድራሻውን ስጡኝ፤ ሱቄን ሸጬ እዚያው እገባለሁ።

የእኛ የኪልሞራኑ ክቡር አቶ ማላኪ ሄፈርናን ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ዘጠኝ፣ ቁመታቸው የስልክ እንጨት፣ በሁለቱም ጆሮ ነጫጭ ማዳመጫ የተሰካባቸው ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ከብት አዳቃይ ነበሩ። ኮርማ የሌለው ገበሬ ይደውልላቸዋል፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የኮርማ ዘር የያዘ ብልቃጣቸውን ይዘው በትንሿ መኪናቸው ከተፍ ይላሉ። በዚህ የተነሳ አገሩ ሁሉ "ባለ ባርኔጣው ኮርማ" ይላቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ይህን ስም የሰሙት አይመስለኝም። የያንዳንዷን ላም እናት፣ አያትና ቅድመ አያት በቃላቸው ይዘው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ላሞቹ ቀሩና ወደ እኛ ዞሩ።

ጥፋቱ የልጃቸው ነው። ለገና ማዳመጫ ገዝታ ላከችላቸው፤ ስለ አየርላንድ ታሪክ የሚያወሩ ፖድካስቶችንም ስልካቸው ላይ ደርድራ ጫነችላቸው። "አባዬ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው" አለችኝ። አባዬማ ብቻውን አልሆነም። ብቻችንን መሆን ያማረን እኛ ነን።

ብዙ ዘመን በጥቂት ጊዜ ለመጨረስ ሲሉ ፍጥነቱን አንድ ተኩል ላይ አድርገው ነው የሚያዳምጡት። ሲውል ሲያድር እሳቸውም በዚያው ፍጥነት ማውራት ጀመሩ። ጠዋት ከውሻቸው ጋር ሲወጡ ኖርማኖች ይወርሩናል፣ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ኖርማኖቹ አየርላንዳዊ ሆነው ያርፋሉ። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ ከሁለቱ ማዳመጫ አንዱን ብቻ ያወልቃሉ። ሌላው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ጣታቸውን ቀና ያደርጉና ያችን የታወቀች ቃላቸውን ይናገራሉ፦ "የለም፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።"

ይህን ለምንድን ነው የሚሉት ብላችሁ አትጠይቁ። "ዛሬ ዝናብ ነው" ብትሏቸውም ይሉታል።

እኔ ዴርቭላ ሎነርጋን እባላለሁ። በዋናው መንገድ ላይ ቀለም፣ ሚስማርና የአይጥ ወጥመድ እሸጣለሁ። የሱቅ ሰው ማምለጫ የለውም፤ ሌላው ሰው አቶ ማላኪን ሲያይ መንገድ ይሻገራል፣ እኔ ወዴት ልሻገር? አንድ ጊዜ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ የሚለብስበት የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሊደርስ ሲል አንዲት ሴትዮ በሯን ልታሳምር አረንጓዴ ቀለም ጠየቀችኝ። ቆርቆሮውን አንስቼ ባንኮኒው ላይ ሳላሳርፈው ከሚስማሩ ጥግ ድምፅ መጣ። "የለም፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአየርላንድ ቀለም ሰማያዊ ነበር። አረንጓዴው ኋላ የመጣ ነው።" ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሴትዮዋ አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም ሳትገዛ ሄደች። በሯ እስከ ዛሬ እንደተላላጠ ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ለቅሶ ቤትስ ይጠነቀቁ ይሆን? ወይ ፍንክች። ሽማግሌው ፕረንደርጋስት የሞቱ ጊዜ እንደ ወጋችን ሬሳው ሳሎን ተጋድሞ፣ ሰው ተሰልፎ የቤተሰቡን እጅ እየጨበጠ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያለ ያልፋል። ሚስትየው እንባዋን እየጠረገች "የጥንት ነገሥታት ዘር ነበር እኮ" አለች። አቶ ማላኪ እጇን እንደጨበጡ ቀሩ። "የለም፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፕረንደርጋስቶች በጀልባ ከዌልስ የመጡ ናቸው።" ከኋላ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሴትዮዋ ግን ጨዋ ናት። "ማላኪ፣ ሳንድዊች ውሰድ" አለቻቸው። ወሰዱ። እያኘኩ ከወረራው ቀጠሉ።

በየክረምቱ ደግሞ ቄሱ መቃብር የሚባርኩባት እሁድ አለች። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየዘመዱ መቃብር አጠገብ ቆሞ ጠበል እስኪረጭለት ይጠብቃል። አቶ ማላኪ ያን ዕለት ጠመኔ ይዘው መጡና ድንጋይ ለድንጋይ እየዞሩ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ማረም ጀመሩ። የአያቴን እህት በአንድ ጭረት ሦስት ዓመት አስረጇት። ቄሱ ጠበሉን ወደ ጠመኔው አብዝተው የረጩት በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

መቼም ሰው ሰምቶ ሰምቶ ሲሞላ መፍሰሱ አይቀርም። አምና የራሳቸውን ፖድካስት ጀመሩ። ስሙን ገምቱ፤ "ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም" ነው። የሚቀዱት የፍል ውሃው በርሜል ያለበት፣ አንሶላና ፎጣ የሚደርቅበት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተው ነው፤ ጨርቁ ድምፅ ይውጣል ብሎ አንዱ ፖድካስት መክሯቸዋል። ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ፣ ጉልበት አገጭ ነክቶ፣ በር ተዘግቶ ይቀመጣሉ። በዘጠነኛው ክፍል ላይ ቫይኪንጎች ወንዙን እየተሻገሩ ሳለ የሚስታቸው የወይዘሮ ቴስ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ "ማላኪ፣ ፎጣ አቀብለኝ፤ ፀጉሬ እየተንጠባጠበ ነው።" አድማጫቸው አሥራ አንድ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዷ እኔ ነኝ፤ "ስልክሽን አንዴ አቀብይኝ" ብለው ራሳቸው መዘገቡኝ እንጂ ከፍቼው አላውቅም ነበር።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅን ነው የኖርነው። ነገር የመጣው ድልድዩ ሲነሳ ነው።

በነፃነቱ ጦርነት ጊዜ የመንደራችን ሰዎች ትልቁ ድልድይ ሥር አድፍጠው የእንግሊዝ ወታደሮችን የጫነ ካሚዮን መትተዋል። ውጊያው ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው፤ እኛ ግን መቶ ዓመት አውርተንለታል። ድልድዩ አጠገብ ድንጋይ ቆሟል፣ አሥር ስም ተቀርጾበታል። የታዘዙት ግን አሥራ አንድ ነበሩ። አሥራ አንደኛው ማን ነው? የእያንዳንዱ ቤት መልስ "የእኔ አያት" ነው። እዚያ ነበሩ የሚባሉት አያቶች ሁሉ በእውነት እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ድልድዩ አይችላቸውም ነበር፤ እንግሊዞቹም ከሩቅ አይተው በመጡበት ይመለሱ ነበር።

ታዲያ ባለፈው የካቲት የመንደሩ ኮሚቴ አሥራ አንደኛው ስም ተጣርቶ ይቀረጽ ብሎ ወሰነ። አጣሪ ማን ይሁን? ሊቀ መንበሯ ወይዘሮ አሱምፕታ ድዋየር ብረት የሆነች ሴት ናት፤ እሷም ብትሆን ሌላ ሰው አላገኘችም። አቶ ማላኪ የዘመኑ ተዋጊዎች የጻፏቸውን የጡረታ ማመልከቻዎች ሁሉ ከመዝገብ ቤት እያወጡ አንድ በአንድ አነበቡ። ሃያ ስድስት አያት ጣሉ። አንዱ በዚያን ጊዜ ሊቨርፑል ነበር፣ አንዱ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፣ አንዱማ ካሚዮኑ ላይ ነበር።

የቀረው የእኔው አያት ነው፤ ጄረማያ ሎነርጋን።

አባቴ ኮርኒ ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ የሚያስደስተውን ስጡት ብሎኛል። የሚያስደስተውን ስጠይቀው ምግብም አላለ፣ ጉዞም አላለ። "የአባቴን ስም ድንጋይ ላይ አይቼ ብሞት ነው የምፈልገው" አለኝ። በሕይወቱ ለራሱ ሲለምን የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ የአቶ ማላኪን ጥላ ባየሁ ቁጥር የቆጠርኩትን ሚስማር እንደገና እቆጥራለሁ።

አንድ ማክሰኞ ወደ ሱቄ ገቡ። ሰላምታ ሳይሰጡኝ አንዱን ማዳመጫ አወለቁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን አወለቁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ማዳመጫው ከመጣ ወዲህ ጆሯቸው ባዶ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሰው የሞተ መሰለኝ።

"ዴርቭላ ልጄ፣ የአያትሽን ማመልከቻ አገኘሁት። በራሱ እጅ የጻፈው ነው።"

ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝ። ነገሩን ለመረዳት የእኛን አገር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኛ መንገድ የምንጠቁመው ባለው ነገር አይደለም፣ በነበረው ነው። "ወተት ፋብሪካው ከነበረበት ወደ ግራ ታጠፍ፤ ትልቁ ዛፍ የወደቀበት ጋ ስትደርስ ጠይቅ" እንላለን። እንግዳ ያብዳል፣ እኛ ግን እንግባባለን። የዚያን ዕለቱም ትዕዛዝ እንዲህ ነበር፦ "አንጥረኛው ቤት ከነበረበት ዝቅ ብሎ ያለው ድልድይ።" ይህን የሰሙት አሥሩ ሰዎች የሆጋንን የተቃጠለ አንጥረኛ ቤት አስበው ትልቁ ድልድይ ሄዱ። አያቴ ግን ያደገው ከኮረብታው ማዶ ነው። በእነሱ በኩል አንጥረኛው ቤት የነበረበት ማለት ኪናን የሚባል አንጥረኛ ትቶት አሜሪካ የገባው ፍርስራሽ ቤት ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ ትንሹ ድልድይ አለ።

አያቴ እንዲህ ይላል፦ "ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ማንም አልነበረም፤ ቀድሜ የመጣሁ መሰለኝ። ጠመንጃዬና ሁለት ጥይት ነበረኝ። ውኃው ወገቤ ድረስ ነው። ረፋድ ላይ ከኮረብታው ማዶ ተኩስ ሰማሁ። ልሄድ አስቤ ነበር፤ ግን ሳይነገርህ ቦታህን እንዳትለቅ ተብያለሁ። የሚነግረኝ ሰው አልመጣም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ላሞቿን ስታሳልፍ ሁሉም ነገር ማለቁን ነገረችኝ።" ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ "ጡረታው አልተፈቀደም፤ ውጊያው ላይ አልነበረም" ይላል።

ሁለቴ አነበብኩት። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ፤ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅኩም።

"አባቴ ይህን ከሰማ ይሞታል" አልኳቸው።

"ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው እኮ" አሉ አቶ ማላኪ።

"ታዲያ ምን ለማለት ነው?"

"የለም፣ እንዲያው ቁጥሩን ማለቴ ነው።"

"አቶ ማላኪ፣ እለምንዎታለሁ። የእሁዱ ስብሰባ ላይ ይህን አይናገሩ።"

ወረቀቱን እያጠፉ እየዘረጉ ቆዩ። "ለሃያ ስድስት ቤተሰብ አይሆንም ብያለሁ። ለፕረንደርጋስት ሚስት እንኳ የባሏ አያት እንዳልነበረ ነግሬያታለሁ፤ ያውም ሐዘኗ ሳይወጣላት። አሁን ለአንቺ ብዬ ልዋሽ?"

"ይዋሹ አላልኩም። ያሳጥሩ ነው ያልኩት።"

"ማሳጠር" አሉ፣ ቃሉን ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው። ማዳመጫቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ውሻቸው ሱቄ ውስጥ ቀርቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው መጥተው የወሰዱት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሏል። አባቴን የክት ኮቱን አልብሼ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጠርዙን ክር ይቆነጥራል። ወይዘሮ አሱምፕታ ልማዷ ነውና ከቤቷ ያመጣቻትን የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ጠመዘዘችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። "ማላኪ፣ አሥር ደቂቃ አለህ። እንደ ባለፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት እንዳትጀምር።"

አቶ ማላኪ ተነሱ። ጆሯቸው ባዶ ነው።

"ጄረማያ ሎነርጋን ያን ዕለት ከታዘዙት አንዱ ነው" አሉ። በአንድ ተኩል ፍጥነት አይደለም የተናገሩት፣ እንደማንኛውም ሰው ነው። "ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጠመንጃውን ይዞ ቦታው ገባ። ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመ። እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት አልተነሳም። ከአሥራ አንዱ መካከል እንደ እሱ ረጅም ሰዓት የቆየ አንድም የለም። በገዛ እጁ የጻፈውን አንብቤዋለሁ።"

ሰዉ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ገና መግቢያው ነው ብለን አስበናል። አንዳንዱ ኮቱን አጣጥፎ ከወገቡ ጀርባ አደረገ።

"ቀጥል እንጂ" አለች ወይዘሮ አሱምፕታ።

አቶ ማላኪ አባቴን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከንፈራቸው "የለም፣ ነገሩ" ለማለት ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ምራቃቸውን ዋጡና "ጨርሻለሁ" ብለው ተቀመጡ።

በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ስሙ ይቀረጽ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ፣ ሁሉም አወጣ። የእንቁላሏ ሰዓት የጮኸችው ድምፁ ተቆጥሮ ሻይ መቅዳት ከተጀመረ በኋላ ነው።

አባቴን መኪና ውስጥ አስገብቼ መንዳት ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነው የምነዳው፤ ደስታ ይሁን ሐፍረት እኔም አልለየሁትም። አባቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ "ማላኪ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አላነበበውም እንዴ?" አለኝ።

"አንብበውታል አባዬ።"

"ታዲያ ትንሹን ድልድይ ምነው ዘለለው?"

የሰው አጥር ውስጥ ልገባ ትንሽ ነው የቀረኝ። መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ። "አንተ ታውቃለህ?"

"አባቴ ነው የነገረኝ። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። ያ ውኃ ጉልበቱ ውስጥ ቀርቶ ዕድሜ ልኩን ክረምት በመጣ ቁጥር ያነክስ ነበር። ሰው ሲጠይቀው ከፈረስ ወድቄ ነው ይላል። ፈረስ ኖሮንም አያውቅ።"

"ታዲያ ድንጋይ ላይ ይጻፍ ያልከው ምን ብለህ ነው?"

"ና አሉት፣ ሄደ። አንጥረኛው ሁለት መሆኑ የእሱ ጥፋት ነው?" ኮፍያውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። "ደግሞ እኔ አፍ አውጥቼ አባቴ ተሳስቶ ነበር ማለት አቃተኝ። ማላኪ አንብቦ ለሁሉም ይናገርልኛል፣ ሰው ሰምቶ ይፈርዳል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ማላኪ አንድ ነገር ዝም ይላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?"

እኔ ደግሞ ያን ሰውዬ ለምኜ አፉን ያስዘጋሁት ለአባቴ ብዬ ነው። ወይ አበሳዬ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ቴስ ሱቄ መጣች። አምፖል ልትገዛ ነው የመጣችው፤ አምፖሉን ይዛ ቆመች እንጂ አልወጣችም። "ዴርቭላ፣ ሰውዬው ታሞብኛል" አለችኝ። "ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። ትናንት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰውየው የድንቹን ረሃብ ዘመን በአሥር ዓመት ሲሳሳት ማላኪ ዝም ብሎ ድንች ላጠ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ዝም ያለበት ቀን የለም። ሐኪም ልጥራ ይሆን?"

ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር ሆዳቸውን እየፈጀው ነው። አንጀቴን በሉት። ሃያ ስድስት ቤተሰብ መቀየሙ ሳይከብዳቸው፣ ለአንድ ሽማግሌ ብለው አንድ ድልድይ መዝለላቸው አሳመማቸው። ለአባቴ ስነግረው "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለና ኮቱን አምጪ አለኝ። "ወደ ማላኪ ቤት ውሰጂኝ። በስሜ ሰው መታመም የለበትም።"

አቶ ማላኪ በሩን ሲከፍቱልን ጠቁረው ከስተው ነበር። አባቴ ዱላውን ተደግፎ "አንተ ማላኪ፣ ትንሹ ድልድይ ነበር። አውቃለሁ፣ ከጥንትም አውቃለሁ" አላቸው።

አቶ ማላኪ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ጋሽ ኮርኒ፣ ሁለት አንጥረኛ ቤት ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው። "የሆጋን የተቃጠለው ቀደም ብሎ ነው፤ የኪናን ደግሞ..." ጉሮሯቸው ተከፈተ። ወይዘሮ ቴስ ማድ ቤት ሆና ድምፃቸውን ስትሰማ "ተመስገን" አለች።

"እዚህ አትጨርሰው" አለ አባቴ። "ያ መቅጃ ዕቃህ የት ነው ያለው?"

እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ዘጠና አንድ ዓመቱ አንዱ ስልሳ ዘጠኝ፣ የፎጣው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተው በር ዘጉ። አባቴን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው፣ አቶ ማላኪ እንደ ልማዳቸው ታጠፉ። እኔና ወይዘሮ ቴስ ኮሪደሩ ላይ ሻይ ይዘን ቆመናል። በቅጂው መጀመሪያ ላይ የአባቴ ድምፅ "እዚህ ይሞቃል፤ አባቴ ያን ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ቢያገኝ ምን ነበረበት" ሲል ይሰማል። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። አቶ ማላኪ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ጣልቃ የገቡት፣ ይህን ራሳቸው እንደ ጀብዱ ይነግሯችኋል።

ያን ክፍል አራት መቶ ሰው አዳመጠው። ኪልሞራን ውስጥ አራት መቶ ሰው የለም፤ ላሞቹም ሳያዳምጡ አልቀሩም። ወይዘሮ አሱምፕታ ስብሰባ ጠራች፣ ሰውም ተንጫጫ። አንዱ ተነስቶ "የእኔን አያት አልነበረም ብላችሁ ጥላችሁ፣ እሱን ድልድይ የተሳሳተውን ልትጽፉ ነው?" አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ የፕረንደርጋስት ሚስት ተነሳች። "የእኛዎቹ አያቶች እኮ የትም አልሄዱም" አለች። "ይሄኛው ሄዷል። ትልቁ ድልድይ ላይ ስላልነበረ እዚያ አይጻፍ። የነበረበት ላይ ጻፉለት።" ብላ ተቀመጠች፤ ቀጥላም ለአቶ ማላኪ የሳንድዊቹን ሳህን አሳለፈችላቸው።

ድንጋዩ በሰኔ ቆመ፣ ትንሹ ድልድይ አጠገብ። አንድ ስም ብቻ ነው ያለበት፦ "ጄረማያ ሎነርጋን እዚህ ጠበቀ።" ዝናቡ ዶፍ ነው። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጭቃ ውስጥ ቆመናል፣ አባቴ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ለብሷል። ንግግር የሚያደርጉት አቶ ማላኪ ስለሆኑ ሰዉ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ነው የመጣው።

አቶ ማላኪ ሁለቱንም ማዳመጫ አውልቀው ለወይዘሮ ቴስ ሰጧት። ድንጋዩን ትንሽ አዩት። "ነገሩ ቀላል ነው" አሉ። "ና ተባለ፣ መጣ። ቁም ተባለ፣ ቆመ።" ይህንኑ ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ።

አባቴ በሁለት እጁ ፊቱን ጠረገ። የዝናብ አልነበረም። ስሙን በጣቱ ፊደል በፊደል ዳሰሰው፣ ሲጨርስም ዞር አለ። "ማላኪ፣ ስለ ሁለቱ አንጥረኞች እኮ አልነገርካቸውም" አለ።

የአቶ ማላኪ ፊት በራ። "ልናገር ጋሽ ኮርኒ?"

"ከመጀመሪያው ጀምር።"

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሆጋን ከየት እንደመጣ፣ ኪናን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ብረት ወደ አየርላንድ በማን ዘመን እንደገባ ተናገሩ። አርባ አምስት ደቂቃ ዶፍ ላይ ቆመን ሰማን፣ አንድም ሰው አልሄደም። ከጎናቸው ቆሜ ዣንጥላ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ረጅም ሰው ስለሆኑ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ነበር፤ እጄ ዛለ፣ እጅጌዬ ውስጥ ውኃ ገባ፣ አላወረድኩትም።